ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ እና የስፖርት ክፍለ ጊዜ

አንድ ልጅ አስም፣ የስኳር ሕመም፣ የሚጥል ሕመም ወይም የልብ ሕመም እንዳለበት ከታወቀ በኋላ ወላጆች ለሐኪሙ ከሚያቀርቧቸው ጥያቄዎች አንዱ «ስፖርት እንዳይሠራ ወረቀት ይጻፉልን» የሚል ነው። ወረቀቱ ይጻፋል፣ ማህተም ይመታበታል፣ ልጁም ከዚያን ቀን ጀምሮ ጓደኞቹ ሜዳ ላይ ሲሯሯጡ ጥላ ሥር ተቀምጦ ቦርሳና ጃኬት ጠባቂ ይሆናል። አንድ ጊዜ የተጻፈውን ወረቀት መልሶ የሚያየው ሰው ስለማይኖር ክልከላው ከ9ኛ ክፍል እስከ 12ኛ ክፍል ድረስ የሚዘልቅበት ጊዜ አለ።

በአብዛኞቹ ሕመሞች እንዲህ ያለ ጠቅላላ ክልከላ አያስፈልግም፤ እንዲያውም ልጁን ይጎዳዋል። በጥቂቶቹ ግን መከልከል ሕይወት ያድናል። ይህ ጽሑፍ የትኛው ሕመም ምን ዓይነት ጥንቃቄ እንደሚፈልግ እና ለትምህርት ቤቱ የሚሰጠው ማስረጃ ምን መያዝ እንዳለበት ያብራራል።

ትምህርቱ ከተማሪው ምን ይጠብቃል?

በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ትምህርቱ «ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ» ይባላል፤ ተማሪዎች ግን «ስፖርት» ይሉታል። በክፍል ውስጥ የሚሰጥ ንድፈ ሐሳብ አለው፤ ሜዳ ላይ የሚሠራ ተግባርም አለው። በተግባሩ ሩጫ፣ ፑሽአፕ፣ ሲትአፕ፣ ዝላይ፣ ጂምናስቲክ እና የኳስ ጨዋታዎች ይገኙበታል። ነጥብ ከሁለቱም ስለሚያዝ በተግባር ፈተና መሳተፍ የማይችል ተማሪ ነጥቡ በምን እንደሚተካ ከመምህሩ ጋር አስቀድሞ መነጋገር አለበት። ችግር የሚፈጠረው ብዙውን ጊዜ ልጁ ሕመሙን ደብቆ ቆይቶ የሩጫ ፈተናው ዕለት ጠዋት ሲናገር ነው። ከዚያ የከፋው ደግሞ ነጥብ እንዳይቀርበት ብሎ ሳይናገር ሲሮጥ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ መካከለኛ ወይም ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ከዚህ ውስጥ በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ጠንከር ያለና ጡንቻንና አጥንትን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ሊኖር ይገባል። መመሪያው ሥር የሰደደ ሕመም ወይም የአካል ጉዳት ላለባቸው ልጆችም ተመሳሳይ ነው፤ መጠኑ ግን እንደ አቅማቸው ነው። በዚህ መለኪያ ሲታይ የትምህርት ቤቱ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ብቻውን አይበቃም። ወደ ትምህርት ቤት በፈጣን እርምጃ መሄድ፣ ውኃ መቅዳት፣ ሰፈር ውስጥ ኳስ መጫወት ሁሉ ይቆጠራል። ስለዚህ ከስፖርት ክፍለ ጊዜ የተከለከለ፣ ነገር ግን በየቀኑ 40 ደቂቃ ዳገት እየወጣ ትምህርት ቤት የሚደርስ ልጅ ካለዎት የተጻፈው ወረቀት ምን ትርጉም እንዳለው ሐኪሙን መልሰው ይጠይቁ።

እንቅስቃሴ ወዲያውኑ እንዲቆም የሚያስገድዱ ምልክቶች

ከዚህ በታች ካሉት አንዱ ከታየ ልጁ ቀደም ሲል ጤነኛ ቢሆንም እንኳ እንቅስቃሴውን ያቁም፤ በሐኪም ሳይመረመርም ወደ ሜዳ አይመለስ።

በሩጫ ወይም በጨዋታ መሃል ራስን መሳት። ይህ ከሁሉም ያስፈራል። ሰልፍ ላይ ፀሐይ መትቶት፣ ቁርስ ሳይበላ ቀርቶ ወይም ደም አይቶ የወደቀ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ከባድ ችግር የለበትም። እየሮጠ ሳለ ድንገት የወደቀ ልጅ ግን የልብ ምርመራ ያስፈልገዋል። «ደክሞት ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ሲሮጡ የሚመጣ የደረት ሕመም ወይም ጭንቀት፤ ከእኩዮች በጣም የተለየና በየጊዜው እየባሰ የሚሄድ የትንፋሽ ማጠር፤ ያለ ምክንያት የሚመጣ የተዘበራረቀ የልብ ምት። በቤተሰብ ውስጥ በወጣትነቱ ድንገት የሞተ ሰው ካለ ይህንንም ለሐኪሙ ይንገሩ። በለቅሶ ቤት «ምንም ሳይታመም ተኝቶ ቀረ» የሚባለው ታሪክ ለልብ ሐኪም ጠቃሚ መረጃ ነው።

ትኩሳት ያለበት ልጅም እስኪሻለው ድረስ ጠንካራ እንቅስቃሴ አያድርግ። ወባ፣ ታይፎይድ ወይም የሳንባ ምች የነበረበት ልጅ ሲመለስ በእርምጃ ጀምሮ ቀስ በቀስ ይጨምር፤ የመጀመሪያው ቀን ሙሉ የእግር ኳስ ግጥሚያ መሆን የለበትም።

አስም

አስም ያለበት ልጅ መሮጥ ይችላል። በዓለም አቀፍ ውድድር ሜዳሊያ የወሰዱ አስም ያለባቸው አትሌቶች አሉ። ወሳኙ ነገር ሕመሙ በመድኃኒት በደንብ መያዙ ነው።

በእንቅስቃሴ የሚነሳ አስም ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ደቂቃ ሩጫ በኋላ ወይም ሩጫው ካቆመ በኋላ ባሉት ደቂቃዎች ይጀምራል፤ ሳል፣ የደረት መጨነቅ እና ሲተነፍሱ የፉጨት ድምፅ ያመጣል። ቀዝቃዛና ደረቅ አየር፣ አቧራማ ሜዳ እና ጉንፋን ያባብሱታል። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ስፖርት ያለው ተማሪ ከሰዓት ካለው ይልቅ ቢቸገር አያስገርምም።

ለብዙ ልጆች ሐኪሙ ከእንቅስቃሴ 10 ወይም 15 ደቂቃ በፊት ሳልቡታሞል ፓፍ (ብዙዎች ቬንቶሊን የሚሉት) እንዲወስዱ ያዛል። ቀስ ብሎ በመጀመር ሰውነትን ማሟሟቅም ራሱን የቻለ መከላከያ ነው። ልጁ ፓፉን በትክክል መሳብ ካቃተው ስፔሰር ይጠቀም፤ ስፔሰር ካልተገኘ የግማሽ ሊትር የውኃ ፕላስቲክ በፓፉ አፍ ልክ ተበስቶ ሊያገለግል ይችላል። እንዴት እንደሚዘጋጅ ነርሷን ወይም ፋርማሲስቱን ያሳዩን ይበሉ።

ሁለት ነገሮች ብዙ ጊዜ ይዘነጋሉ። የመጀመሪያው፣ ፓፉ በልጁ ኪስ ውስጥ መሆን አለበት። ቁልፍ በተያዘለት የቢሮ መሳቢያ ውስጥ ያለ ፓፍ ሜዳ ላይ ትንፋሽ ላጠረው ልጅ አይደርስለትም። ሁለተኛው፣ ልጁ ምልክቱን ለማስታገስ በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ ፓፍ የሚያስፈልገው ከሆነ ችግሩ ስፖርቱ አይደለም፤ አስሙ አልተያዘም ማለት ነው። በየቀኑ የሚወሰድ፣ የሳንባ ቱቦዎችን ብግነት የሚቀንስ የስቴሮይድ ፓፍ ሊያስፈልገው ስለሚችል ወደ ሐኪም ይመለስ። ብዙ ወላጆች «ስቴሮይድ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ይደነግጣሉ፤ በፓፍ የሚወሰደው መጠን ግን በክኒን ከሚወሰደው በጣም ያነሰ ነው።

ሁለት ዓረፍተ ነገር ጨርሶ መናገር ያቃተው፣ ከንፈሩ የጠቆረ ወይም ፓፍ ወስዶ ያልተሻለው ልጅ ሳይዘገይ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ።

ዓይነት 1 የስኳር ሕመም

እንቅስቃሴ ሰውነት ኢንሱሊንን በተሻለ ሁኔታ እንዲጠቀም ስለሚያደርግ ኢንሱሊን ለሚወጋ ልጅ ይጠቅማል። አደጋው የስኳር መውረድ ነው። ይህም በሜዳው ላይ ብቻ ሳይሆን ከሰዓታት በኋላ፣ ሌሊት በእንቅልፍ ላይም ሊመጣ ይችላል። ከሰዓት በኋላ ብዙ የሮጠ ልጅ ማታ ከመተኛቱ በፊት ስኳሩን ይለካ፤ ዝቅ ካለ ተጨማሪ ምግብ ይብላ።

መለኪያ ያለው ተማሪ ከእንቅስቃሴ በፊት ይለካ። ከ90 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ ከመጀመሩ በፊት ከ10 እስከ 20 ግራም የሚሆን ስኳርነት ያለው ነገር ይውሰድ፤ አንድ መካከለኛ ሙዝ ለዚህ ይበቃል። ከ250 በላይ ከሆነና ሽንቱ ወይም ደሙ ኬቶን ካሳየ፣ ወይም ማቅለሽለሽና የሆድ ሕመም ካለው፣ የዚያን ቀን አይሩጥ፤ ሕክምና ያግኝ። ሊሮጥ ሲል ኢንሱሊኑን ጭኑ ላይ አይውጋ፤ የሚሠራ ጡንቻ ኢንሱሊኑን በፍጥነት ስለሚስብ ስኳሩ ድንገት ይወርዳል።

ከተወዳዳሪዎቹ መሃል ድንገት የተንቀጠቀጠ፣ በላብ የተጠመቀ፣ የተነጫነጨ ወይም እንደ ሰከረ ሰው የሚንገዳገድ ልጅ ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ይህን መምህሩም አብሮት የሚቀመጠው ጓደኛውም ማወቅ አለባቸው። 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ማጠጣት ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ መስጠት ያስፈልጋል፤ ስኳር የሌለው ዓይነት ለስላሳ ግን አይጠቅምም። ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ይደገም። ራሱን የሳተ ልጅ አፍ ውስጥ ምንም አይጨመርም፤ በጎኑ ተኝቶ በፍጥነት ወደ ሕክምና ይወሰዳል።

ስለ ጾም አንድ ነገር እንጨምር። ጠዋት ኢንሱሊን ወግቶ እስከ 9 ሰዓት ሳይበላ የሚቆይ ወይም በረመዳን የሚጾም ልጅ በዚሁ ሁኔታ ስፖርት ቢሠራ አደጋው ከፍተኛ ነው። የጾም ወቅት ከመድረሱ በፊት ከሐኪሙና ከሃይማኖት አባቱ ጋር ይነጋገሩ። ልጁ ለቤተሰቡ ሳይናገር የሚጾምበት ጊዜ ስላለ፣ በቁጣ ሳይሆን በእርጋታ ይጠይቁት።

የሚጥል ሕመም

በዚህ ሕመም ላይ የሚጣለው ክልከላ አብዛኛውን ጊዜ ከሕክምና ሳይሆን ከፍርሃት የመጣ ነው። ሕመሙ በመድኃኒት የተያዘለት ልጅ መሮጥ፣ እግር ኳስና መረብ ኳስ መጫወት፣ ሰውነት ማሠራት ይችላል። በሩጫ ምክንያት የሚጥላቸው ልጆች ጥቂት ናቸው፤ መድኃኒት ማቋረጥና እንቅልፍ ማጣት ከሩጫ ይልቅ ያስነሱታል። ለፈተና ሲባል ሌሊቱን ሙሉ ማጥናት ለዚህ ልጅ ከአንድ ሰዓት ኳስ የበለጠ አደገኛ ነው።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ቢወድቅ ጉዳት በሚያደርስበት ቦታ ነው። ብቻውን መዋኘት፣ ገመድ ላይ ወይም ከፍታ ላይ መውጣት፣ መኪና በሚበዛበት መንገድ ብስክሌት መንዳት ክልክል ይሁን። ለመምህሩ የሚሰጠው ወረቀት እነዚህን ብቻ ዘርዝሮ ሌላውን ሊፈቅድ ይችላል።

ሜዳ ላይ ቢጥለው አካባቢውን ከሚጎዳ ነገር ማጽዳት፣ ራሱ ሥር ጃኬት ማድረግ፣ መንቀጥቀጡ ጋብ ሲል በጎኑ ማስተኛት እና ሰዓት መያዝ ይበቃል። አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አይገባም። ክብሪት ጭሮ ማሽተት ምንም አይጠቅምም፤ ሊያቃጥለውም ይችላል። እጅና እግሩን አጥብቆ መያዝም አያስፈልግም። ከ5 ደቂቃ በላይ ከቆየ፣ ሳይነቃ ከደገመው ወይም ሲወድቅ ጭንቅላቱ ከተጎዳ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ሲነቃ የተሰበሰበው ተማሪ እንዲበተን ማድረግ ከመምህሩ የሚጠበቅ ትልቅ እርዳታ ነው። ብዙ ልጆች ትምህርት የሚያቋርጡት በሕመሙ ሳይሆን ከነቁ በኋላ በሚያዩት ዓይን ምክንያት ነው።

የልብ ሕመም

እዚህ ላይ በግምት መፍቀድም በግምት መከልከልም አይቻልም። በአገራችን በዚህ ዕድሜ በብዛት የሚታየው ከቶንሲል ሕመም በኋላ የሚመጣው ሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። በልብ ውስጥ ያሉት መዝጊያዎች (ቫልቮች) ይጠባሉ ወይም ደም ወደ ኋላ ያፈሳሉ። ጉዳቱ ቀላል የሆነና ምንም ምልክት የሌለው ልጅ እንደ እኩዮቹ ሊንቀሳቀስ ይችላል። መዝጊያው በጣም የጠበበ፣ ሲራመድ ትንፋሽ የሚያጥረው ወይም እግሩ የሚያብጥ ልጅ ግን ውድድርና ሩጫ ይቅርበት፤ ከባድ ነገር ማንሳትም እንደዚሁ። የሁለቱ ልዩነት የሚታወቀው በኢኮ (በልብ አልትራሳውንድ) ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በተነሳ ኢኮ ላይ ተመሥርቶ የዛሬውን ስፖርት መፍቀድ አይገባም፤ ሕመሙ ሊለወጥ ይችላልና።

በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ የሚሰጠው የቤንዛታይን ፔኒሲሊን መርፌ በስፖርት ቀን ምክንያት አይዘለል። መርፌው ስለሚያምም ልጁ በማግሥቱ ያነክስ ይሆናል፤ ከተቻለ የመርፌውን ቀን ከስፖርት ክፍለ ጊዜው ማራቅ ቀላል መፍትሔ ነው።

የልብ መዝጊያው በሰው ሠራሽ ተቀይሮለት ዋርፋሪን የሚወስድ ልጅ በቀላሉ ስለሚደማ እግር ኳስን፣ ትግልንና ቦክስን የመሰሉ ግጭት ያለባቸው ጨዋታዎች አይመከሩለትም። በወባ፣ በካላ-አዛር ወይም በሌላ ሕመም ጣፊያው ያበጠበት ልጅም ሆዱን ከሚመታበት ጨዋታ ይራቅ፤ ያበጠ ጣፊያ በምት ሊፈነዳ ይችላል።

ሴት ተማሪዎች ለምን ይቀራሉ?

የዓለም ጤና ድርጅት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ጥናት በዓለም ላይ ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉ ልጃገረዶች 85 በመቶው፣ ከወንዶቹ ደግሞ 78 በመቶው በቂ እንቅስቃሴ አያደርጉም። የወር አበባ ስፖርት ለመሥራት አይከለክልም፤ እንዲያውም ለብዙዎች የሆድ ቁርጠቱን ያቀልላቸዋል። ልጅቷ የምትቀረው ግን ብዙውን ጊዜ በቁርጠቱ ሳይሆን ልብሴ ይነካል ብላ በመፍራት፣ ትምህርት ቤቱ ውኃና የሚዘጋ መጸዳጃ ስለሌለው ወይም ቱታ ለብሳ መታየት ስለምታፍር ነው። ይህ በሐኪም ወረቀት አይፈታም። ሞዴስ በቦርሳዋ እንዲኖር ማድረግ፣ ጠቆር ያለ ሰፊ ቱታ መግዛት እና ሴት መምህርት ካለች ማነጋገር ይሻላል። ደሟ በጣም የሚበዛ፣ ቶሎ የምትደክምና ዓይኗ ሥር የነጣ ልጅ ካለችዎት ግን የደም ማነስ ምርመራ ይደረግላት።

ጥሩ ማስረጃ ምን ይመስላል?

«ስፖርት መሥራት አይችልም» የሚል ወረቀት ለመምህሩ ምንም አይነግረውም። ሐኪሙን የሚከተለውን የመሰለ እንዲጽፍ ይጠይቁ፦

«ተማሪው አስም አለበት። በሁሉም የስፖርት እንቅስቃሴ መሳተፍ ይችላል። ከሩጫ በፊት ፓፍ እንዲወስድና ሰውነቱን እንዲያሟሙቅ ጊዜ ይሰጠው። ፓፉን ከእሱ ጋር ይያዝ። ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ከጀመረው ያለ ተጨማሪ ጥያቄ እንዲያርፍ ይፈቀድለት። ይህ ማስረጃ እስከዚህ ቀን ድረስ ያገለግላል።»

የሚችለው፣ የማይችለው፣ ችግር ሲመጣ የሚደረገው እና ማስረጃው የሚያበቃበት ቀን ከተጻፈ ይበቃል። የሕመሙን ሙሉ ታሪክ መጻፍ ግዴታ አይደለም፤ ወረቀቱ በስንት እጅ እንደሚያልፍ ያስቡ። ወረቀቱን በልጁ እጅ ከመላክ ወላጅ ራሱ ሄዶ ለስፖርት መምህሩና ለክፍል ኃላፊው ቢያስረዳ ይመረጣል። በቅጣት መልክ የሚታዘዝ ሩጫና ፍሮግ ጃምፕ ካለም ማስረጃው ለእሱም እንደሚሠራ በግልጽ ይነገራቸው፤ ልጆች የሚጎዱት አንዳንዴ በስፖርት ሳይሆን በቅጣት ነው።

አሜሪካ ለሚኖሩ ቤተሰቦች

በአሜሪካ የስፖርት ትምህርት ግዴታ ከግዛት ግዛት ይለያል። ለምሳሌ በካሊፎርኒያ ከ7ኛ እስከ 12ኛ ክፍል በየ10 የትምህርት ቀኑ ቢያንስ 400 ደቂቃ መሰጠት አለበት፤ ከሁለተኛ ደረጃ ለመመረቅም የሁለት ዓመት የስፖርት ትምህርት ይጠየቃል። ስለዚህ «አይችልም» የሚል ወረቀት የምረቃ መስፈርት ላይ ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል። እዚያ በሕመም ወይም በጉዳት ምክንያት ለጊዜው ነፃ የሚደረገው ለተማሪው የሚስማማ የተሻሻለ ፕሮግራም ማዘጋጀት ካልተቻለ ነው።

የአካል ጉዳት ወይም ሥር የሰደደ ሕመም ላለበት ልጅ በአገሪቱ ሁሉ የሚሠሩ ሁለት መንገዶች አሉ። ልዩ ድጋፍ ትምህርት የሚያገኝ ከሆነ ለእሱ የተስማማ የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት በግል የትምህርት ዕቅዱ (አይ.ኢ.ፒ.) ውስጥ ሊካተት ይገባል። ልዩ ድጋፍ ትምህርት የማያስፈልገው፣ ነገር ግን አስም ወይም የስኳር ሕመም ያለበት ልጅ «504 ፕላን» የሚባለውን መጠየቅ ይቻላል፤ በእሱ ውስጥ ስኳር የሚለካበት ሰዓት፣ የዕረፍት ፈቃድና መድኃኒት የሚያዝበት ሁኔታ ይጻፋል። የአስም ፓፍን ተማሪው ራሱ ይዞ እንዲጠቀም በ50ዎቹም ግዛቶች በሕግ የተፈቀደ ነው፤ የሐኪምና የወላጅ ፊርማ ያለበት ቅጽ ግን ይጠየቃል።

በእነዚህ ስብሰባዎች ላይ ልጁ ለወላጁ እንዲያስተረጉም አይደረግ። ትምህርት ቤቱ እንግሊዝኛ ለማይችሉ ወላጆች በሚገባቸው ቋንቋ የማስረዳት ግዴታ ስላለበት የአማርኛ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ መጠየቅ ይችላሉ። ጥያቄውን ከስብሰባው ጥቂት ቀናት አስቀድመው በጽሑፍ ያቅርቡ።